ስለ 54 ዓመቱ ደንበኛ፦ ለአንድ የአሰልጣኞች ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለአሰልጣኞች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ለዓመታት ስፖርት የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቅ፣ በዚያ ላይ ሥር የሰደደ የጤና ችግር ያለበት ደንበኛ ሲመጣ ፕሮግራም እንዴት እንደሚወጣለት የሚያስረዳ ነው። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ለደንበኛውም ያስባሉ። ያም ሆኖ ካነሷቸው ነጥቦች በአብዛኞቹ አልስማማም። አንዱ ደግሞ ሰው ሊጎዳ የሚችል ምክር ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው አንድ ደንበኛ በምሳሌነት ያቀርባሉ። ሰውየው 54 ዓመታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የሚውሉት። ክብደታቸው ጨምሯል። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባቸው። ለግፊቱ ቤታ ብሎከርና ሽንት የሚያሸና ክኒን፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ ይወስዳሉ።

ከዚያ ምክሮቹ ይመጣሉ። ሙሉ የልብ ምርመራ፣ ትሬድሚል ላይ የሚደረገውን ጨምሮ፣ ሳያልቅ ምንም አይጀመር። ከተጀመረ በኋላ የልብ ምት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» ተብሎ ይሰላና ከ70 እስከ 85 በመቶው ላይ ይሠራ። ግፊት ስላለ ክብደት ማንሳት አይነካ። ስኳሩ ቶሎ እንዲቃጠል ጠዋት በባዶ ሆድ ይሠራ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቀን 10,000 እርምጃ ይኬድ። ውጤቱ በላብና በሚዛን ይለካ። የሚቀር ደንበኛ ቆራጥነት የጎደለው ነው። በመጨረሻም፣ ሰውነት ሳይሟሟቅ አይጀመር።

የመጨረሻው ትክክል ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊው የክኒኖቹን ስም አንድ በአንድ ከጻፉ በኋላ ተመልሰው አላነሷቸውም። ፕሮግራሙ ምንም መድኃኒት ለማይወስድ ሰው የወጣ ይመስላል። የእኔ ተቃውሞ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ለእኚህ ሰው የሚወጣ ፕሮግራም መነሻው ክኒናቸው፣ ውሏቸውና ዛሬ ሳይቸገሩ መሥራት የሚችሉት ነገር መሆን አለበት።

«ሙሉ የልብ ምርመራ ሳያልቅ ምንም አይጀመር»

እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። እኚህ ሰው ፕሮግራም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሻሻለው መመዘኛም ይህንኑ ይላል። መመዘኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰውየው አሁን እንቅስቃሴ ያደርጋል ወይ? የታወቀ የልብና የደም ሥር፣ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ፣ ወይም ምልክታቸው አለበት ወይ? ሊጀምር ያሰበው ምን ያህል ጠንካራ ነገር ነው? የማይንቀሳቀስና ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም አስቀድሞ ሐኪም ይየው ይላል። ዕድሜን፣ ውፍረትን፣ ሲጋራን እየደመሩ ሰውን ወደ ሐኪም መላክ ግን በዚያው ማሻሻያ ቀርቷል። በድሮው ስሌት ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይላክ ነበር። ያ ደግሞ ብዙ ሰው ሳይጀምር እንዲቀር ያደርጋል።

የማልስማማው «ሙሉ ምርመራ» በሚለው ነው። ትሬድሚል ላይ የሚደረገው የልብ ምርመራ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አሰልጣኝ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርገው አይገባም። ምንም ምልክት በሌለበት ሰው ላይ ሲደረግ፣ በሽታ ሳይኖር አለ ብሎ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ጤነኛ ነህ ቢልም ዋስትና አይሆንም። ብዙ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚነሳው ያን ያህል ባልጠበበ የደም ሥር ውስጥ ያለ ስብ ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው። እንዲህ ያለውን የደም ሥር ምርመራው ላያሳየው ይችላል።

ደግሞም መጠበቅ ራሱ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ቀኑን ተቀምጦ የሚውለው ሾፌር፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከሚውለው ቲኬት ቆራጭ ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቃ ነበር። «ምርመራው እስኪያልቅ ምንም አትንኩ» የተባለ ሰው ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። እነዚያን ወራት የሚያሳልፈው ሾፌሩ ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳቸዋለሁ። የሐኪም ቀጠሮ ይያዛል። እስከዚያው በየቀኑ የሚሄዱትን መንገድ በለመዱት እርምጃ መሄድ፣ በየ30 ደቂቃው ከወንበር ብድግ ማለት ይቀጥላል። ይህን የምለው ምልክት ለሌለበት ሰው ነው። ሲንቀሳቀሱ ደረት ላይ የሚጫን ነገር፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ሲራመዱ የሚይዝና ሲቆሙ የሚለቅ የባት ሕመም ካለ ወሬ የለም። ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ሕመም ደረት ሳያም ሊመጣ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ድንገተኛ ድካም ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከሐኪሙ ደብዳቤ እኩል የሚረዳኝ ሌላ ነገር አለ። አዲስ ደንበኛን የመጀመሪያ ቀን «ክኒንዎን ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ» እላለሁ። ሰው የክኒኑን ስም አያስታውስም። «የግፊት ነው» ይላል። የግፊት መድኃኒት ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ የልብ ምትን ያዘገያል፣ አንዱ ውሃ ያስወጣል፣ አንዱ የደም ሥርን ያሰፋል። ለእኛ ሥራ ልዩነቱ ሰፊ ነው። መጠኑን ቀንሱ ወይም ተዉት ማለት ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝም ይህንኑ እነግረዋለሁ።

የልብ ምት ስሌቱ

እስቲ እንሥራው። 220 ሲቀነስ 54፣ 166 ነው። 70 በመቶው 116፣ 85 በመቶው 141 ይሆናል። በጸሐፊው ምክር ደንበኛው በነዚህ መካከል መሥራት አለባቸው።

ሲጀመር ቀመሩ ግምት ነው። የሰው ትክክለኛ ከፍተኛ የልብ ምት ከግምቱ 10 ወይም 12 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የተለመደ ነው። 20 የሚደርስበትም አለ። ለጤነኛ ወጣት ይህ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል። ለእኚህ ሰው ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ቤታ ብሎከር ሥራው የልብን ምት መያዝ ነው። ክኒኑን የዋጠ ሰው ያለ የሌለ አቅሙን ቢያወጣ እንኳ ልቡ 141 ላይደርስ ይችላል። አሁን አስቡት። አሰልጣኙ የእጅ ሰዓቱን እያየ «ገና ነው፣ ጨምሩ» ይላል። ሰውየው ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ፊታቸው ገርጥቷል። ሰዓቱ ግን 118 ነው የሚለው። በጸሐፊው ስሌት ሰውየው ገና ከታችኛው ወለል መነሳታቸው ነው።

የሚሻለው መለኪያ ሰውየው ራሳቸው ናቸው። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው፣ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው መተንፈስ ካስፈለጋቸው አልፏል፣ ቀንሱ። የስዊድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉናር ቦርግ ያወጣው የድካም መለኪያም አለ። ከ0 እስከ 10 ባለው ሚዛን «ስንት ላይ ነዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለጀማሪ ከ3 እስከ 4 ይበቃል። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከ3 በታች ቢሆን ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም 85 በመቶ ለጀማሪ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የተመራማሪው መሬይ ሚትልማንና የባልደረቦቹ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ከሕመሙ በፊት ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጠይቋል። ከባድ ጉልበት ባወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕመሙ የመነሳቱ ዕድል፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በማይሠሩት ሰዎች ላይ 107 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ በሚሠሩት ላይ 2.4 እጥፍ ብቻ ነበር። ቁጥሩ እንዳያስደነግጥ ልጨምርበት። በማንኛውም አንድ ሰዓት ውስጥ ያለው አደጋ ከመነሻው በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ ነገር 107 ጊዜ ቢባዛም ትንሽ ሊሆን ይችላል። እኔ የማነበው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ ነው። ያው ከባድ ሥራ ለለመደው ሰው ቀለለው። ያልለመደው ሰው ላይ ግን ዱብ ሲል ከበደ። እኚህን ሰው ከወንበር አንስቶ በአንድ ሳምንት 85 በመቶ ላይ ማድረስ ማለት 107 ከሚለው ጎን ማቆም ነው።

ክብደት ማንሳትና ግፊት

የጸሐፊው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት አለ። ልምድ ያላቸው ሰውነት ገንቢዎች በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ የደም ግፊታቸው በቀጥታ ከደም ሥራቸው ተለካ። በአማካይ 320 በ250 ደረሰ። ይህን ያነበበ አሰልጣኝ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን እነዚያ ሰዎች የሚያነሱት የአቅማቸውን ጥግ ነው። መግፋት እስኪያቅታቸው ድረስ ነው የሚሄዱት። ትንፋሻቸውንም ይይዛሉ። ትንፋሽ ተይዞ ሲታመቅ ግፊት ወደ ላይ ይተኮሳል። የእኛ ሰው ከወንበር ተነስቶ መቀመጥን አሥር ጊዜ ቢደግሙ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በመጠኑ የሚሠራ የጡንቻ ሥራ የዕረፍት ጊዜን ግፊት በጊዜ ሂደት በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግፊትና ስኳር ያለባቸው ሰዎችም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል።

ለእኚህ ሰው ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር በብዛት የሚገባው ጡንቻ ውስጥ ነው። ጡንቻው ከሳሳ ማስቀመጫው ጠበበ ማለት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውም ቢሆን የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሲጠነክር ይቀልላቸዋል። ጸሐፊው «ክብደት አይነካ» ሲሉ እኚህን ሰው በጣም ከሚጠቅማቸው ነገር ነው ያገዷቸው።

እኔ የምጀምረው በቀላሉ ነው። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ። ላስቲክ ወደ ራስ መሳብ። አጭር ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት አራት ጊዜ የመድገም አቅም እየቀረ ይቆማል። ሲገፉ ወይም ሲነሱ ትንፋሽ ይወጣል። ትንፋሻቸውን እንዳይዙ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከመጀመራችን በፊት ግፊት ይለካል። ተቀምጠው አርፈው 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቂት ቆይተን እንደገና እንለካለን። ካልወረደ የዚያ ቀን ሥራ ይቀራል፣ ሐኪሙም ይነገረዋል። ሌላው ዓይን ነው። ስኳር የዓይንን ጀርባ ይጎዳል። ጉዳቱ ገፍቶ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች የበቀሉበት ሰው ከባድ ነገር ቢያነሳ ወይም ትንፋሹን ይዞ ቢያምቅ ዓይኑ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ «ዓይንዎን መቼ ታዩ?» የሚለው ጥያቄ ከክብደት በፊት ይመጣል። በጸሐፊው ዝርዝር ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም።

በባዶ ሆድ መሥራት

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ነው።

ግሊበንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚያስገድድ ክኒን ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ይኑር አይኑር ግድ የለውም። በሌላ በኩል የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅም ከደም ስኳር ይስባል። እንቅስቃሴ ለስኳር ሕመም የሚመከረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን በባዶ ሆድ አገናኟቸው። ስኳሩ ከሁለት በኩል ይሳባል፣ የሚተካው ግን የለም። ክኒኑ ተውጦ ቁርስ ተዘሎ ከሆነ ይብሳል። ሰውየው ይንቀጠቀጣሉ፣ ግራ ይጋባሉ፣ ሊወድቁም ይችላሉ። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰውም ያው ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስኳር የሚጥልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በምሳሌው ላይ ያሉት ሰው ግን ሁለቱንም ነው የሚወስዱት።

አሁን ቤታ ብሎከሩን እንመልሰው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት ያስጠነቅቃል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል። ቤታ ብሎከር የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናቸዋል። ላቡን ግን አይሸፍነውም። ለእኚህ ሰው ጎላ ብሎ የሚቀረው ማስጠንቀቂያ ላብ ነው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ላብ የጥሩ ሥራ ምልክት ተብሏል! ሰውየው በቀዝቃዛ ላብ ተጠምቀው ሲቆሙ አሰልጣኙ «በርቱ፣ እየሠራ ነው» ሊላቸው ነው። ይህን ሳስብ ያስፈራኛል። ጸሐፊው ይህን እንዳላሰቡት እርግጠኛ ነኝ። አስበውት ቢሆን ባልጻፉት ነበር።

እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከሥራ በፊት ስኳር ይለካል። በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሥራ የለም፤ 15 ግራም ያህል ስኳር ቶሎ ይወሰዳል። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ማለት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ከ70 እስከ 100 ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ምግብ ይቀመሳል። ከ250 በላይ ሆኖ ሰውየው ካመማቸው ወይም ሽንታቸው ወይም ደማቸው ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ካሳየ አይሠራም። ስኳር የሚወርደው በሥራው ሰዓት ብቻ እንዳይመስለን። እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም የተጀመረ ሰሞን ማታ መለካት፣ አልጋ አጠገብም ጣፋጭ ነገር ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ስኳሩ ደጋግሞ ከወረደ ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ያየዋል።

ጸሐፊው ስኳር እንዲቃጠል ከፈለጉ ከባዶ ሆድ የተሻለ ሰዓት አለ። ከምግብ በኋላ ነው። ስኳር ወደ ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ከምሳና ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ ያን ከፍታ ይቀንሰዋል።

ጫማ ከመታሰሩ በፊትም እግር ይታያል። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ጠጠር ገብቶ ቢያቆስለው ሰውየው ላይሰማቸው ይችላል። ካልሲ አውልቆ ጣት ለጣት ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

10,000 እርምጃ፣ ላብና ሚዛን

10,000 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሕክምና ጥናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ነበር። ስሙ ማንፖ-ኬይ ይባላል፣ የ10,000 እርምጃ መለኪያ እንደማለት ነው። ቁጥሩ በዚያ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የ15 ጥናቶች ድምር ትንተና፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ከ6,000 እስከ 8,000፣ ከዚያ በታች ባሉት ከ8,000 እስከ 10,000 እርምጃ ሲደረስ ያለዕድሜ የመሞት አደጋው መቀነሱን እንደሚያቆም አሳይቷል። ትልቁ ጥቅም ደግሞ ከታች ያለው ጭማሪ ላይ ነው። በቀን 2,500 የሚሄድ ሰው 4,000 ሲደርስ የሚያገኘው ነገር ብዙ ነው።

ለእኚህ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልጨምርም። የሚሄዱትን እንቆጥራለን፣ በቃ። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት በቀን 500 ወይም 1,000 እንጨምራለን። ከ2,500 በአንድ ጊዜ 10,000 ላይ ቢዘሉ ልባቸው ቢችል እንኳ ጉልበታቸው አይችልም። ጉልበትን በተመለከተ የምከተለው መንገድ ቀላል ነው። ሲሠሩ ትንሽ ቢያማቸው እንቀጥላለን። ሕመሙ በማግስቱ ከበፊቱ ብሶ ከተገኘ መጠኑ በዝቷል፣ እንቀንሳለን። አዲስ ሥራ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጡንቻ ቢቆረጥም የተለመደ ነው። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ጡንቻ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ላብን አስቀድሜ አንስቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ሽንት የሚያሸናው ክኒን ቀድሞውንም ውሃ እያስወጣ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም በሙቀት ውስጥ ላብ ማውጣት እኚህን ሰው ያዞራቸዋል እንጂ ስብ አያቀልጥላቸውም።

ሚዛንን አልጠላም። ክብደት መቀነስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ጥናት ስኳራቸው ወደ ላይ ማለት የጀመረ፣ ሕመሙ ግን ገና ያልያዛቸውን ሰዎች ወሰደ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና 7 በመቶ የክብደት መቀነስ ግብ አደረገላቸው። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን ብቻ የወሰዱት 31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። ግን በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማቆም ሌላ ነገር ነው። ክብደት ሳይነቃነቅ ግፊት ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊወርድ ይችላል። ከአንድ ቀን ሥራ በኋላ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይሠራ አይለፍ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሚዛኑ ይህን ሁሉ አያሳይም። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሚዛኑ ያው የሆነበት ሰው «አይሠራልኝም» ብሎ ይተዋል። እኔ የምጽፈው የጠዋት ግፊትን፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር የሚነሱበትን ብዛትና ደረጃ ሲወጡ የሚያርፉበትን ጊዜ ነው።

የሚቀረው ደንበኛ

በዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ደንበኛ ነበሩኝ፣ ጎበዝ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ቀሩ። ደወልኩና በቁጣ ተናገርኳቸው። «ካልፈለጉ ይተዉት» አልኩ። ዝም አሉ። በኋላ ቀስ ብለው «ልጄ፣ መድኃኒት ተቀይሮልኝ ስነሳ ያዞረኛል፤ እንዳልወድቅብህ ፈርቼ ነው» አሉኝ። ያን ቀን በጣም አፈርኩ። እሳቸው ለእኔ ተጨንቀው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰነፍ አደረግኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቀር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ተቀየረ?» ነው። ክኒን ተቀይሮ ይሆናል። ጉልበት አብጦ ይሆናል። ሥራ በዝቶ ይሆናል። ወይም እኔ ያወጣሁት ፕሮግራም ከዕለት ውሏቸው ጋር አልገጠመ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም የሚለውን የቆየ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰርዞታል። ጂም መምጣት ያልቻለ ሰው በሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ቤቱ ቢራመድ ይቆጠርለታል። ይህን ብነግራቸው ኖሮ እኚያ እናት ያንን ሁለት ሳምንት ወንበር ተደግፈው ቤታቸው በሠሩ ነበር።

ስለ መሟሟቅ የተስማማሁትን ላሟላ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ እያሉ መጀመር ተገቢ ነው። ጸሐፊው መጨረሻውን ግን ረሱት። ሰው እየሠራ ሳለ ደም እግሩ ላይ ይበዛል። በድንገት ሲቆም የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ መግፋቱን ያቆማል። የግፊት ክኒን የዋጠ ሰው እዚያው ቆሞ ሊዞርበት ይችላል። ስለዚህ እኚህ ሰው ሲጨርሱ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ዝግ ብለው ይራመዳሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። ተጋድመው ከሠሩም ተቀምጠው ቆየት ብለው ነው የሚነሱት።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወር እንዲህ ነው የማደርገው። ሐኪማቸው ይሁን ካለ በኋላ፣ አንደኛው ሳምንት የመቁጠር ነው። እርምጃቸውን፣ ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውን። ሁለተኛው ሳምንት አምስት ቀን ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ፣ እያወሩ በሚሄዱበት ፍጥነት። በዚያው ሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትና የግድግዳ ፑሽ አፕ፣ አንድ አንድ ዙር። ሦስተኛው ላይ ከእራት በኋላ ሌላ 10 ደቂቃ ይጨመራል። አራተኛው ላይ ላስቲኩ ይመጣል፣ ዙሩ ሁለት ይሆናል፣ ፍጥነቱ እንደነበረ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለአንዱ ጉዞ አምስት ደቂቃ እየጨመሩ በሳምንት 150 ደቂቃ ላይ መድረስ ነው። ሦስት ወር ቢፈጅ ይፍጅ። ከኔ ጋር ቢቆዩ በየወሩ ክኒኖቹን እንደገና አያለሁ፣ ሐኪሙ ይቀያይራቸዋልና።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የልብ ምቱን፣ የክብደቱን፣ የእርምጃውን ጉዳይ ልንከራከርበት እንችላለን። የባዶ ሆዱን ምክር ግን እባክዎ ዛሬውኑ ከጽሑፍዎ ያውጡት። ያንን አንብቦ ነገ ጠዋት ክኒኑን ውጦ ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ ሰው ይኖራል።